ተፈጥሮ በብር ማዕድ ዕቃ ላይ
ስለ ዘመናችን የአንጥረኛ ሥራ የቀረበ ሒስ

በእጅ የሚሠራ የብር ማዕድ ዕቃ፣ ማለት ጽዋ፣ ማንኪያ፣ ማንቈርቈሪያ፣ ጐድጓዳ ሳሕን፣ የጨው ማቅረቢያና ይህን የመሳሰለው ሁሉ፣ ዛሬ ለሕዝብ በሚታይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል አብሮት ይነገራል። ይኸውም «ከተፈጥሮ የተቀዳ» የሚለው ነው። ቅጠሉ፣ እምቡጡ፣ የውሃው ሞገድ፣ የወፉ አንገት፣ የዛጎሉ ጥምዝ ለአንጥረኛው አርአያ እንደ ሆኑት ይነገራል። ተመልካቹም ይህን ሲሰማ ዕቃው መልካም እንደ ሆነ አስቀድሞ ይቀበላል፤ ቅጠልን የሚጠላ፣ ወፍን የሚነቅፍ ሰው የለምና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ቃል መመርመር ነው። ተፈጥሮ ለአንጥረኛ አርአያ ትሆናለች ማለት ምን ማለት ነው? ቅጠል የመሰለ ሳሕን ሁሉ ከቅጠል ተምሯልን? ወይስ ቅጠል ሳይመስል ከቅጠል የተማረ ዕቃ ይገኛል? ደግሞም ማንቈርቈሪያው ማንቈርቈሪያ መሆኑ የሚፈረድበት በመልኩ ነው ወይስ በአቀዳዱ? እነዚህ ጥያቄዎች የቃል ጨዋታ አይደሉም። በእጅ የሚሠራ የብር ዕቃ ከማዕድ ተነሥቶ ወደ መስተዋት ሣጥን በመግባት ላይ ስላለ፣ ሒሱ የሚያመሰግነው ነገር አንጥረኛው ነገ የሚሠራውን ለመወሰን ይረዳል።

አስተያየታችንን ከወዲሁ ለመግለጽ፦ ተፈጥሮ በብር ዕቃ ላይ በሦስት መንገድ ትገባለች። አንደኛው መንገድ እንደ ተለጠፈ ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው እጅና ዕቃ በሚገናኙበት ቦታ እንደሚያገለግል ጌጥ ነው፤ ሦስተኛው በብሩ አካሄድና በዕቃው አጠቃላይ ቅርጽ ውስጥ ነው። ከነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው በጣም ቀላሉና በጣም የሚመሰገነው ሲሆን፣ ለማዕድ የሚጠቅመው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው እንላለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስለ ብር ባሕርይ

ስለ ሥራው ከመፍረድ በፊት ስለ ቁሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ንጹሕ ብር ለዕቃ ሥራ እጅግ ለስላሳ ነው፤ በቀላሉ ይጐብጣል፣ ይጫራል። ስለዚህ ለማዕድ የሚሆነው ብር ብዙውን ጊዜ ከሺህ እጅ 925 እጁ ብር ሆኖ የቀረው መዳብ የተቀየጠበት ነው። ንጹሑ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

ጽዋ ወይም ማንቈርቈሪያ በመዶሻ በሚሠራበት ጊዜ አንጥረኛው የሚጀምረው ክብ ሆኖ ከተቈረጠ ዝርግ የብር ገበታ ነው። ገበታውን በሰንዳን ላይ አጋድሞ ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ዳሩ ዙሪያውን በመዶሻ ይመታዋል፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላውን ይቀጥላል። ብር ሲመታ ይጠነክራል፤ ጠንክሮ ሳለ ቢመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከእሳት ገብቶ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ይግላል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ ለስልሶም እንደ ገና ይመታል። ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። እንዲህ ያለው ዕቃ መገጣጠሚያ የለውም፤ ከታች ወደ ላይ ቀስ በቀስ ያደገ ነው ለማለት ይቻላል።

ሌላው መንገድ ማፍሰስ ነው። ቅርጹ በሰም ይሠራል፤ በሰሙ ዙሪያ ሸክላ የመሰለ ነገር ይደረጋል፤ ሰሙ ቀልጦ ከወጣ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብር ይፈስሳል። ይህ መንገድ ማናቸውንም ነገር እስከ ጥቃቅን ጅማቱ ድረስ ለመምሰል ያስችላል። መዶሻ ብሩ የሚፈቅደውን እየጠየቀ ሲሠራ፣ ማፍሰስ ግን ብሩን የሚጠይቀው ነገር የለም። ይህ ልዩነት ወደ ፊት ለምናቀርበው ፍርድ መሠረት ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ያሻል። ብር ሙቀትን በማስተላለፍ ከብረታ ብረት ሁሉ የሚበልጥ ስለ ሆነ ትኩስ ሻይ የያዘ የብር በራድ እጀታው ብር ብቻ ከሆነ ጣት ያቃጥላል። እንቍላል በውስጡ ባለው ድኝ ምክንያት የብር ማንኪያን ያጠቁራል። ጨው ብርን ይበላል፤ ስለዚህም የጨው ማቅረቢያዎች ውስጣቸው በወርቅ ውሃ ይለበጥ ነበር። እንግዲህ ብር ከማዕድ ጋር የሚኖረው በስምምነት ብቻ ሳይሆን በትግልም ጭምር ነው። ከተፈጥሮ ተማርሁ የሚል አንጥረኛ ከአበባው መልክ በፊት ይህን የተፈጥሮ ሕግ ማወቅ ይገባዋል።

፪. ስለ ቀደምቶቹ

ተፈጥሮን በብር የመምሰል ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በኑረምበርግ የነበረው ዌንጸል ያምኒጸር (1508–1585) እንሽላሊትንና ሣርን ከራሳቸው አካል ላይ ቅርጽ ወስዶ በብር በማፍሰስ የታወቀ ነበር። በ1549 የተፈጸመውና ዛሬ በአምስተርዳም በሪይክስሙዚየም የሚገኘው የማዕድ መካከል ጌጥ ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። እናት ምድር በሴት ምስል ሆና ከላይ ያለውን ትሸከማለች፤ በእግሯ ሥር ያለው ድንጋይ በሣርና በእንሽላሊት የተመላ ነው። ይህ ሥራ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የሚያስደንቀን ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። የምናደንቀው አንጥረኛው ስለ እንሽላሊት ያሰበውን ሳይሆን የእንሽላሊቱን ቅርፊት አንድ በአንድ ማስቀረቱን ነው። ማዕዱም ለሥራው ምክንያት ሆነ እንጂ ጌታ አልሆነም።

በ1742 እና በ1743 ኒኮላስ ስፕሪሞንት በለንደን ለዌልሱ መስፍን ለፍሬድሪክ የሠራቸው የጨው ማቅረቢያዎች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። በነዚህ ላይ ሸርጣን ከዛጎል አጠገብ ተቀምጦ ይታያል። የአፈሳሱ ጥበብ ከያምኒጸር መንገድ የራቀ አይደለም፤ ሆኖም እዚህ ላይ ሸርጣኑ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨው የባሕር ልጅ ነው፤ ሸርጣንም እንደዚሁ። ዛጎሉ ጨውን ለመያዝ ጐድጓዳ ነው። ስለዚህ ጌጡ ስለ ዕቃው አገልግሎት ይናገራል። ምስሉ ትርጕም ስላለው ተመጋቢው ጨው ለመውሰድ ጣቱን በሚሰድድበት ጊዜ ሁሉ ሥራው ይታደሳል። ስለዚህ «የተለጠፈ ሥዕል» ያልነውን ሁሉ በአንድነት አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ሥዕሉ ከዕቃው ሥራ ጋር አንድም ቃል ሳይነጋገር ሲቀር ነው።

፫. የኮፐንሀገን ትምህርት

ስለ ዘመናችን የብር ዕቃ የሚናገር ሰው ከኮፐንሀገን ሳይነሣ ሊሄድ አይችልም። ጌኦርግ የንሰን (1866–1935) በወርቅ አንጥረኛነት ከሠለጠነ በኋላ በዴንማርክ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ቅርጻ ቅርጽ ተምሯል። በ1904 በኮፐንሀገን የራሱን ሥራ ቤት ከፈተ፤ በሚከተለውም ዓመት የማግኖሊያ አበባ ያለበትን የሻይ በራድ ነደፈ።

ይህን በራድ ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ጌጡ የት እንደ ተቀመጠ ያስተውላል። ሰውነቱ ክብና ለስላሳ ነው። አበባው የተቀመጠው ጣት ክዳኑን በሚያነሣበት ቦታ ነው። እጀታው ደግሞ ሙቀት እንዳያሳልፍ ከዝሆን ጥርስ ተሠርቷል። ሰፊው የብሩ ገጽ በመዶሻው ረቂቅ ምልክት ብቻ ተትቶ ብርሃንን በለዘብታ ይመልሳል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ አበባው በሥዕልነት የገባ ቢሆንም ቦታው የተገኘለት በአገልግሎት ነው፤ ክዳን ያለ መያዣ ሊነሣ አይችልምና። እምቡጡ ቢወገድ በቦታው አንድ ሌላ ነገር ማስቀመጥ ግድ ይሆናል። መልካም ጌጥን ከትርፍ ጌጥ የምንለይበት ፈተና ይህ ነው፦ ጌጡን በሐሳብ አንሥተን ዕቃው ሥራውን መሥራት ካልቻለ ጌጡ በሚገባው ቦታ ነበር ማለት ነው።

በ1918 የነደፈው የወይን ዘለላ ያለበት ባለ እግር ሳሕንም በዚሁ ፈተና ሲመዘን በከፊል ያልፋል። ዘለላዎቹ የተንጠለጠሉት እግሩ ከሳሕኑ ሆድ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ በብየዳ የሚያያዝና ዓይን የሚያርፍበት ስለ ሆነ ጌጥ ቢቀመጥበት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ቀጭኑ እግር ሰፊውን ሳሕን በድንገት ከመሸከም ይልቅ እንደ ግንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ የተሸከመው ይመስላል። ነገር ግን በወይን ፍሬዎቹ መካከል ያለው ጠባብ ስንጥቅ ጥቁረት የሚከማችበት ነው። አንጥረኛው ይህን ጥቁረት ለጥላነት ተጠቅሞበታል፤ ዕቃውን የሚያጥበው ሰው ግን ጨርቁ በማይደርስበት ቦታ ይቸገራል።

ከየንሰን ጋር ከ1906 ጀምሮ የሠራው ሠዓሊው ዮሀን ሮዴ (1856–1935) ሌላ መንገድ ከፈተ። በ1920 የነደፈው ማንቈርቈሪያ ምንም አበባ፣ ምንም ቅጠል የለበትም። ሆኖም የተንጠለጠለ የውሃ ጠብታ ያስታውሳል። ለጊዜው ሰው ጣዕም እጅግ አዲስ ነው ተብሎ ስለ ታሰበ እስከ 1925 ድረስ ሳይሠራ ቆየ። አምስት ዓመት የፈጀው ይህ ማመንታት ብዙ ያስተምራል። አበባ የተለጠፈበትን ዕቃ «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ለመቀበል ማንም አልተቸገረም፤ ተፈጥሮ በቅርጹ ውስጥ ስትሰወር ግን ሰው ወዲያው ሊያውቃት አልቻለም።

ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደበት ሄኒንግ ኮፐል (1918–1981) ነው። እርሱም በትምህርቱ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ነበር። በ1952 የነደፈው ማንቈርቈሪያ «ያረገዘች ዳክዬ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል። ስሙ የቀልድ ቢመስልም ስለ ሥራው እውነት ይናገራል። ዳክዬ ግን በላዩ ላይ አልተቀረጸችም፤ ላባ የለም፣ ዓይን የለም፣ እግር የለም። ያለው ከታች የከበደ ሆድና ከዚያ ወደ ላይ የሚሳብ አንገት ብቻ ነው። የሆዱ ክብደት ከታች መሆኑ ዕቃው በገበታ ላይ ተረጋግቶ እንዲቆም ያደርጋል፤ ሲቀዳም ውሃው ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየተሰበሰበ ይወጣል። እንግዲህ ወፏን ወፍ ያሰኛት ሚዛን ማንቈርቈሪያውንም ማንቈርቈሪያ አሰኘው። ተፈጥሮ በሥዕልነት ሳይሆን በሕግነት ገባች ማለት ይህ ነው።

በ1954 የነደፈው ባለ ክዳን የዓሣ ማቅረቢያ ግን በእኛ አስተያየት ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው፤ ምንም እንኳ ከእርሱ ይበልጥ ዝነኛ ቢሆን። ረዥሙና የሚጥመዘመዘው መስመሩ በውሃ ውስጥ የሚዋኝ ፍጥረት ያስመስለዋል፤ ውስጡም ዓሣ ይቀመጥበታል። የስፕሪሞንትን ሸርጣን ያመሰገንንበት ምክንያት እዚህም አለ። ነገር ግን እንዲህ ረዥምና ከባድ የሆነን ዕቃ ከነምግቡ አንሥቶ በእንግዶች መካከል ማሳለፍ አድካሚ ነው። ብዙ ሰዎች የሚያውቁት በቤተ መዘክር ወይም በሥዕል ሲሆን ዓሣ ቀርቦበት ያዩት ጥቂቶች መሆናቸው አያስደንቅም። የብር ዕቃ ከማዕድ የሚርቅበት ጕዞ እዚህ ላይ ይጀምራል ለማለት እንደፍራለን።

፬. ዛሬ የሚሠሩት

ይህ ጕዞ ምክንያት አለው። ሃሪ ብሬርሊ በ1913 በሸፊልድ የማይዝግ ብረትን ካገኘ በኋላ የዕለት ተዕለቱ ማንኪያና ሹካ ቀስ በቀስ ከብር ወደዚህ ብረት ተዛወረ። የማይዝገው ብረት በእንቍላል አይጠቁርም፣ መወልወል አይፈልግም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። በእጅ የሚሠራው ብር ከዚህ ጋር በጥቅም ሊወዳደር ስላልቻለ በውበት ሊወዳደር ተነሣ። ተፈጥሮም ለዚህ ውድድር ዋና መሣሪያ ሆነች። ከዚህም የተነሣ ዛሬ የምናያቸው ሥራዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

በመጀመሪያው ወገን የሚመደበው በሚላኖ በ1919 በማርዮ ቡቸላቲ የተመሠረተው ቤት ነው። ይህ ቤት ቅጠል በሚመስሉ ሳሕኖችና ጠጕራቸው ከቀጫጭን የብር ክር በተሠራ እንስሳት ይታወቃል። የእጁ ሥራ ትዕግሥት የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የቅጠሉን ጅማት ሁሉ ያስቀረ ሳሕን ለምግብ ጀርባውን የሰጠ ነው፤ ዘይትና ቅባት በጅማቶቹ መካከል ይቀራል። ለለውዝና ለደረቅ ፍሬ ይሆናል እንጂ ለወጥ አይሆንም። የጸጕራሙ እንስሳ ነገርማ ከማዕድ ጋር ያለው ዝምድና በገበታው ላይ መቆሙ ብቻ ነው።

በአፍሪካም በሐራሬ አጠገብ ያለው የፓትሪክ ማቭሮስ ቤተ ሰብ ሥራ ቤት የአፍሪካን እንስሳት በሰም ቀርጾ በብር ያፈስሳል። እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር አለ፤ እንስሳቱ ሠሪዎቹ በአገራቸው የሚያውቋቸው እንጂ ከመጽሐፍ የተቀዱ አይደሉም፤ የዝሆኑ አቋቋም ይህን ይመሰክራል። ሆኖም በማዕድ ዕቃው ላይ ዝሆኑ በሚታይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዝሆኑ ሥራ፣ ዕቃው ሰበብ ሆኖ ይገኛል። ይህ የያምኒጸር መንገድ ነው፤ ጥሩ ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ ስለ ማንቈርቈሪያ ወይም ስለ ማንኪያ ግን አዲስ ነገር አይነግረንም።

በሁለተኛው ወገን ያሉት በመዶሻ የሚሠሩት ናቸው። ከነዚህ አንዱ ስኮትላንድ ውስጥ የሠራው ማይክል ሎይድ ነው፤ የስኮትላንድን ፓርላማ የ1999 በትረ ሥልጣን የሠራውም እርሱ ነው። በጽዋዎቹና በሳሕኖቹ ላይ ቅጠልና አበባ ይታያል፤ ግን አልተለጠፈም። ዕቃው በሬንጅ ተሞልቶ ገጹ በትናንሽ መሮች እየተመታ ቅጠሉ ከዚያው ከብሩ ይነሣል። ብር አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ ቦታ ብቻ ለወጠ። ስለዚህ ቅጠሉና ጽዋው አንድ አካል ናቸው፤ በመካከላቸው ብየዳም ስንጥቅም የለም። በተጨማሪም ከፍታው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ጽዋውን የያዘ ጣት ቅጠሉን ይዳስሰዋል፣ እንዳያመልጠውም ይረዳዋል። ሥዕል ሆኖ ሳለ ለእጅ የሚያገለግል ጌጥ ሆኗል፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው መንገድ እዚህ ይታረቃሉ።

ሂሮሺ ሱዙኪ የጃፓን ተወላጅ ሲሆን በለንደንም ተምሮ ሠርቷል። «አኳ ፖኤዚ» በተባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ ላይ የብሩ ገጽ እንደ ወራጅ ውሃ ይወዛወዛል። ይህ የተገኘው ከአንድ የብር ገበታ በመዶሻ ብቻ ነው። ጥበቡን ስንመለከት በዚህ ጽሑፍ ከጠቀስናቸው የዛሬ አንጥረኞች ማንም አይበልጠውም። መዶሻው ብሩን በሚገፋበት ጊዜ ብሩ እንደ ውሃ ሊፈስስ የሚችል መሆኑን አሳይቷል፤ ሞገዱ የሥዕል ሞገድ ሳይሆን የብሩ የራሱ ሞገድ ነው። ሆኖም እነዚህ ዕቃዎች የአበባ ማስቀመጫ ቅርጽ ቢኖራቸውም በቤተ መዘክር ይቆማሉ፤ ውሃን ያህል ነገር የሚያስታውስ ዕቃ ውሃ ሳይነካው ይኖራል። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የገዢው፣ የአሳያዩና የሐያሲውም ጭምር ነው።

ንዲዲ ኤኩቢያ በማንቸስተር ከናይጄርያውያን ወላጆች የተወለደች አንጥረኛ ናት። የርሷም ሥራ በመዶሻ የተወዛወዘ ገጽ ነው፤ ግን ጽዋና ማንቈርቈሪያ፣ ጐድጓዳ ሳሕንም ትሠራለች። ገጹ የተወሰነ ቅጠል ወይም የተወሰነ አበባ አይመስልም፤ የሚያድግ ነገር ሁሉ ያለውን ምት ይዟል። ከዚህ ሌላ ሁለት ጥቅም እናያለን። ለስላሳ የብር ጽዋ እርጥብ እጅን ያመልጣል፣ ወጣ ገባ ያለው ግን ይያዛል። እንዲሁም ለስላሳው ገጽ በአንድ ጭረት ሲበላሽ፣ በመዶሻ የተሞላው ገጽ ግን የዓመታትን ጭረት ተቀብሎ ያስማማል። ይህ ዕቃ እየተሠራበት ይዋባል እንጂ አይጐዳም። በእኛ ግምት ከዛሬዎቹ ሥራዎች ወደ ማዕድ የሚመልሰውን መንገድ ከሁሉ ይልቅ ያገኘው ይህ ነው።

፭. ስለ መቅጃ አፍ

ፍርዳችንን በአንድ ትንሽ ነገር ለማጥበቅ ስለ መቅጃ አፍ እንናገር። ሻይ ወይም ውሃ ከማንቈርቈሪያ ተቀድቶ ሲቆም የመጨረሻው ጠብታ ወይ ተቈርጦ ይወድቃል፣ ወይ በአፉ ሥር ተመልሶ በሆዱ ላይ ይወርዳል። ይህን የሚወስነው በተለይ የአፉ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ስለታም ከሆነ ፈሳሹ ይቈረጣል፣ ደንደን ብሎ ወደ ውጭ የተጠቀለለ ከሆነ ግን ፈሳሹ ጠርዙን ተከትሎ ይዞራል። እንግዲህ እንደ አበባ ቅጠል በልስልስነት ወደ ውጭ የተጠቀለለ አፍ ለዓይን ደስ ቢያሰኝም ገበታውን ያርሳል። አንጥረኛው ከአበባው ቅጠል መጠቅለሉን ብቻ ተማረ፤ ዝናብ ከቅጠል ጫፍ እንዴት ተቈርጦ እንደሚወድቅ ቢመለከት ኖሮ ግን ብዙ ቅጠሎች ጫፋቸው የሾለ መሆኑን ያይ ነበር። ከተፈጥሮ መማር ማለት ይህን ማየት ነው።

ዕቃው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ይህ ስሕተት አይታወቅም። ስሕተቱ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ አስተማሪው ስለ አፍ ጠርዝ ማስተማሩን፣ ተማሪውም መጠየቁን ይተዋሉ። ብዙ ትውልድ የደከመበት እውቀት ያለ ጠላት ይጠፋል። የምንፈራው ይህንን ነው።

፮. አንድ ተቃውሞና መልሱ

«ብር ከዕለት አገልግሎት ነጻ ወጥቶ ንጹሕ ኪነ ጥበብ ሆነ፤ በመቅዳትና በመታጠብ መመዘን ኋላ ቀርነት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። ቅርጻ ቅርጽን ማንም ውሃ ቅዳልኝ አይለውም። ነገር ግን ሠሪው ራሱ ሥራውን «ማንቈርቈሪያ» ብሎ ከጠራው፣ እጀታና አፍ ከሰጠው፣ ክብሩን የተበደረው ከተጠማ ሰው ነው። ብድሩን መክፈል ይገባዋል። ለመክፈል የማይፈልግ ከሆነ ቅርጻ ቅርጽ ብሎ ይጥራው፤ እኛም በዚያው መመዘኛ እንመለከተዋለን።

ደግሞም የብር ዕቃን ከነአገልግሎቱ ማዘዝ ዛሬም የሚቻል መሆኑ ታይቷል። በ1987 በብሪታንያ የተቋቋመው «ሲልቨር ትረስት» የተባለው ድርጅት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ለዳውኒንግ መንገድ ቍጥር 10 ገበታ የሚሆን ዕቃ በጊዜው ላሉ አንጥረኞች ማሠራቱ ምስክር ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት ገበታ ባለበት ቦታ አንጥረኛው ስለ ክብደት፣ ስለ መያዣና ስለ አፍ ጠርዝ ለማሰብ ይገደዳል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ክርክር ከውጭ እንደምንመለከት ሊነገር ይገባል። ባገራችን ብር ብዙ የኖረው በአንገትና በእጅ እንጂ በገበታ አይደለም። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውና ከሺህ 833 እጁ ብር የሆነው የማርያ ቴሬዛ ብር በአንጥረኞቻችን እጅ እየቀለጠ የአንገት መስቀል፣ ቀለበት፣ ወለባና አልቦ ሆኗል። ለመጠጥና ለማዕድ ያገለገሉን ቀንድ፣ ቅልና ሸክላ ናቸው። በነዚህ ዘንድ የተፈጥሮ አርአያ የሚባል ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፤ ቀንዱ ዋንጫ ሆነ እንጂ ዋንጫው ቀንድን መሰለ አይባልም። ቅሉም ሆዱና አንገቱ ከተክሉ የመጡ ናቸው። የኮፐል ማንቈርቈሪያ በብዙ ድካም የደረሰበትን፣ ከታች ከብዶ ከላይ የሚጠብበውን ቅርጽ ቅል ከነሐረጉ ይዞት ያድጋል። ይህን የምንለው ለመመካት አይደለም። ብር ከቀንድና ከቅል የሚለየው ምንም ዓይነት ቅርጽ ይዞ ባለመወለዱ ነው፤ ስለዚህ አንጥረኛው መምረጥ ግዴታው ነው፤ ምርጫውም ሊመሰገን ወይም ሊነቀፍ ይችላል። ከቅልና ከቀንድ ጋር ያደገ ዓይን ግን ቅጠል የለጠፈ ዕቃንና እንደ ቅጠል የሚሠራ ዕቃን ለመለየት የተሰናዳ ነው ብለን እናምናለን።

፯. መደምደሚያ

ከላይ የተመለከተውን በአጭሩ ለመሰብሰብ፦ በእጅ የሚሠራ የብር ማዕድ ዕቃ ተፈጥሮን አርአያ ማድረጉ ራሱ አያስመሰግነውም፣ አያስነቅፈውምም። የሚመዘነው ተፈጥሮን በየትኛው ቦታ እንዳስገባት ነው። ምስሉ ስለ ዕቃው አገልግሎት የሚናገር ከሆነ፣ እንደ ስፕሪሞንት ሸርጣን፣ ይቅርታ ብቻ ሳይሆን ምስጋናም ይገባዋል። ጌጡ እጅ በሚያርፍበት ቦታ ከሆነ፣ እንደ የንሰን እምቡጥና እንደ ሎይድ ቅጠል፣ በሚገባው ስፍራ ነው። ተፈጥሮ በብሩ ምትና በዕቃው ሚዛን ውስጥ ገብታ ስሟን ሳታስጠራ ስትሠራ ደግሞ፣ እንደ ሮዴና እንደ ኮፐል ማንቈርቈሪያ፣ እንደ ኤኩቢያም ጽዋ፣ ሥራው ከሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ላይ ለምንሠራ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ስለ አንድ የብር ዕቃ በምንጽፍበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ከመግለጽ አንቁም። ስንት ይይዛል፣ ሲሞላ በአንድ እጅ ይነሣልን፣ እጀታው ያቃጥላልን፣ የመጨረሻው ጠብታ ወዴት ይሄዳል፣ ከምግብ በኋላ እንዴት ይታጠባል ብለን እንጠይቅ። እነዚህ ጥያቄዎች የወጥ ቤት ጥያቄዎች ናቸው ተብለው ሊናቁ አይገባም። አንጥረኛው መዶሻውን ሲያነሣ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸውና፣ ሐያሲው ከተዋቸው እርሱም ነገ ይተዋቸዋል።